ዘጠኝ ነጥብ ፊት፦ ስለ ሕንፃችን ካሜራዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሕንፃችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ለባለሱቆች ኮሚቴ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የደህንነት ካሜራዎቹን እድሳት ይመለከታል

የተከበራችሁ የአስተዳደሩ ኃላፊዎችና የኮሚቴ አባላት፣

ሊፍቱ በር ላይ የለጠፋችሁትን ማስታወቂያ አንብቤዋለሁ። የድሮዎቹ 32 ካሜራዎች ከነገመዳቸው ይነቀላሉ ይላል። በምትካቸው 64 ባለ 8 ሜጋፒክስል የኔትወርክ ካሜራዎች ይገባሉ። ወጪው በያዝነው ካሬ ሜትር ልክ ይከፋፈላል። አስተያየት ያለው በጽሑፍ ያቅርብ ብላችኋልና እነሆ አቅርቤያለሁ። ግልጽ ደብዳቤ ያደረግኩት ስብሰባ ላይ መናገር የሚከብዳቸው ጎረቤቶቼም እንዲያነቡት ነው። የኛን የሚመስል ሕንፃ ደግሞ በከተማው ሞልቷል፤ ሌላው ባለሱቅ ቢያየውም አይከፋኝም።

ካሜራው ይታደስ በሚለው ከማንም በላይ እስማማለሁ። ለምን እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው። ማስታወቂያው ስንት ካሜራ እንደሚገባ ይነግረናል። ምኑን ማየት እንደፈለግን ግን አንድ ቃል አይተነፍስም።

ኅዳር 18 ቀን፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው። አንደኛ ፎቅ የሀበሻ ልብስ ሱቅ እንዳለኝ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ሦስት ሰዎች ገቡ። ሁለቱ ሴቶች ለሠርግ ነው ብለው ጥለቱን አሳዪን፣ ያንን አውርጂልን፣ ይኼንን ዘርጊልን አሉ። ወንዱ ስልክ እያወራ በሩ ጋ ቆመ። እኔ መሰላል ላይ ሆኜ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ስንጠራራ፣ አራት የታጠፉ የሽመና ቀሚሶች የያዘ ፌስታል ከወንበሩ ላይ ተነሣ። ያወቅኩት ከሄዱ በኋላ ነው። ለደንበኛ ሊወጣ የተዘጋጀ፣ ቀብድ የተበላበት ሥራ ነበር።

ደረጃው ሥር ወዳለችው ክፍል ሮጥኩ። ግማሿ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ፣ ግማሿ «ኮንትሮል ሩም» ናት። የጥበቃ ኃላፊያችን ሻምበል እዚያው ነበሩ። ሦስተኛ ፎቅ ኮምፒውተር የሚጠግነውን ልጅም አስጠሩልኝ። መወልወያውን ገፋ አድርገን ተቀመጥን። ስክሪኑ ላይ ያለው ቀን ጃንዋሪ 1፣ 2000 ነው። «በኛም አቆጣጠር ቢሆን እኮ ሚሊኒየሙ ካለፈ 17 ዓመት ሆነው» አልኩ። ማንም አልሳቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲቪአር የምንለው መቅረጫ ሣጥን ሆዱ ውስጥ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ አለችው። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትይዝለት እሷ ናት። የኛዋ ከሞተች ቆይታለች። ስለዚህ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር መቅረጫው ተመልሶ የፈረንጆቹ 2000 የመጀመሪያ ሌሊት ላይ ይነቃል። በሳምንት ሦስት ጊዜ መብራት ከሄደ ሦስት «ጃንዋሪ 1» አለን ማለት ነው፤ አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረበ። ልጁ በሰዓት ሲፈልግ የሰኞውን ሰው፣ የማክሰኞውንና የረቡዑን እያቀላቀለ ያመጣ ጀመር።

ያወጣን የናፍጣ መዝገብ ነው። ሻምበል ጄኔሬተሩ የተነሣበትንና የቆመበትን ሰዓት በደብተር ይጽፋሉ፤ ናፍጣው እንዳይጎድል። ደብተሩ ተገለጠ። የዚያን ቀን መብራት የሄደው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ10፣ ጄኔሬተሩ የተነሣው 4 ሰዓት ከ13፣ መብራቱ የተመለሰው ማታ። ከ4 ሰዓት ከ13 እስከ 9 ሰዓት ከ20 ስንት ነው? በጣታችን ቆጠርን፦ 5 ሰዓት ከ7 ደቂቃ። ልጁ 05:07 ብሎ ጻፈ፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ፊት አደረገና ሰውየው ፌስታሌን አንጠልጥሎ ከሱቄ ሲወጣ አየነው። ሻምበል «አገኘነው!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ።

አላገኘነውም። ያገኘነው ፌስታሉን ነው።

የኛ መቅረጫ የሚይዘው ምስል ወደ ጎን 352 ነጥብ ብቻ አለው። ፒክስል የሚባለው ነጥብ ማለቴ ነው። ሱቄ ደጃፍ ላይ ካሜራው የሚያየው ስፋት 6 ሜትር ያህል ነው። ስናካፍለው ለአንድ ሜትር 58 ነጥብ ይደርሳል። የሰው ፊት ስፋቱ 16 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ለፊቱ የሚደርሰው 9 ነጥብ ነው። ዘጠኝ የምስር ክክ በአንድ መስመር ደርድሩና የሰው ፊት ሥሩበት። ልጁ ምስሉን ሲያሳድገው ፊቱ የተሰባበረ ንጣፍ ሆነ። «ማዘር፣ ከዚህ በላይ አይወጣም» አለኝ። ፊልም ላይ «አሳድገው» ሲሉት ጥርት የሚል ነገር አለ አይደል? ያልተቀረጸ ነጥብ ከየት ይመጣል?

ዋናው በር ላይ ያለው ካሜራ ይሻላል ብለን ወደዚያ ሄድን። በራችን ወደ ምዕራብ ያያል። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ፊት ለፊት ይገባል። ካሜራው ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚያይ ብርሃኑ ያሸንፈዋል። ሰው ሁሉ ጥቁር ጥላ ነው። ሦስት ጥላ ወጣ፣ አንዱ ጥላ ፌስታል ይዟል። በቃ።

ለፖሊስ አመለከትኩ። በፍላሽ ይዘሽ ነይ ተባልኩ። ወሰድኩ። ፋይሉ እዚያ ባለው ኮምፒውተር አልከፈትም አለ፤ የድሮ መቅረጫዎች ቪዲዮውን በራሳቸው ዓይነት ፋይል ነው የሚያወጡት፣ የራሱ ማጫወቻ ካልተጫነ አይከፈትም። ላፕቶፕ ተውሼ ሄድኩ። መርማሪው አየና «አንቺ 9 ሰዓት ከ20 ብለሽ ነው ያመለከትሽው፣ ይኼ 5 ሰዓት ከ7 ይላል፤ ዓመቱም 2000 ነው» አለኝ። አልፈረድኩበትም። የናፍጣ መዝገቡን ፎቶ አውጥቼ አስረዳሁት። በትዕግሥት አዳመጠኝ። ቀሚሶቹ እስካሁን የሉም።

ሁለተኛ ፎቅ ጫማ የሚሸጠው ጎረቤቴ ደግሞ ከኔም ባሰ። ዕቃ መጉደሉን ያወቀው ቆጠራ ሲያደርግ፣ በ13ኛው ቀን ነው። መቅረጫው የሚይዘው 11 ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በአሮጌው ላይ አዲሱን ይጽፍበታል። እሱ ጥላም አላየ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ «ይታደስ» ስትሉ እልል ማለት ነበረብኝ። ግን የተያያዘውን ፕሮፎርማ አነበብኩ። ካልኩሌተርም ሱቄ ውስጥ አለ።

ፕሮፎርማው 64 ካሜራ፣ እያንዳንዱ ባለ 8 ሜጋፒክስል ይላል። የሃርድ ዲስኩ ነገር ታች በትንሹ ተጽፏል፦ በድምሩ 16 ቴራባይት። እንዲህ ያለ ካሜራ ኤች.265 በሚባለው የቪዲዮ ማጨመቂያ ዘዴ ተጨምቆም ቢሆን ጥሩ ምስል እንዲይዝ ከተፈለገ በሰከንድ 8 ሜጋቢት አካባቢ ይበላል። 8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነው። ቀኑ 86,400 ሰከንድ አለው። አንዱ ካሜራ በቀን 86.4 ጊጋባይት። ሲባዛ በ64፣ ወደ 5.5 ቴራባይት። 16ቱን ለ5.5 አካፍሉት። ሦስት ቀን አይሞላም።

ደግሜ ላስነብባችሁ። አሁን 11 ቀን የሚይዝ ነገር አለን፤ ሙሉ ገንዘብ ከፍለን፣ ሕንፃውን አስበስተን፣ ሦስት ቀን ወደማይሞላ እንወርዳለን። «ሰው ሲንቀሳቀስ ብቻ ይቀርጻል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይሠራል፣ ሌሊት ላይ ይሠራል። የኛ ሕንፃ ግን ቀኑን ሙሉ ገበያ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት የማይንቀሳቀስ ነገር ካለ ሊፍቱ ብቻ ነው። ወይ ደግሞ ሻጩ ጥራቱን ቀንሶ ቀኑን ያረዝመዋል። ያኔ ባለ 8 ሜጋፒክስል ካሜራ ገዝተን የባለ 2ን ምስል እናያለን።

ስለ ሜጋፒክስልም አንድ ነገር ልበል፤ ስብሰባ ላይ ቃሉ ሲጠራ ሁሉም ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ አይቻለሁና። ለቪዲዮ ክትትል የወጣ ዓለም አቀፍ መስፈርት አለ፣ ቁጥሩ አይኢሲ 62676-4 ነው። በፈረንጆቹ 2014 የወጣው እትሙ፣ የማታውቀውን ሰው ፊት ለይተህ ማንነቱን ለማረጋገጥ በአንድ ሜትር 250 ነጥብ ያስፈልጋል ይላል። የምታውቀውን ሰው «እሱ ነው» ለማለት 125፣ ምን እያደረገ እንደሆነ ለማየት 62፣ ሰው መኖሩን ብቻ ለማወቅ 25። ፕሮፎርማው ላይ ባለው ንድፍ መሠረት የምድር ቤቱን አዳራሽ አንድ ባለ 8 ሜጋፒክስል ካሜራ ጥግ ላይ ሆኖ በሙሉ ያያል። ስፋቱ 20 ሜትር ነው። ወደ ጎን ያለው 3,840 ነጥብ ለ20 ሜትር ሲካፈል፣ በሜትር 192። ፊት ለመለየት አይበቃም። ርካሹ ባለ 2 ሜጋፒክስል በሩ ላይ ብቻ አነጣጥሮ 6 ሜትር ቢያይ፣ ወደ ጎን ያለው 1,920 ነጥብ ለ6 ሜትር፣ 320 ይሆናል። ይበቃል፣ ይተርፋልም። የሌባዬ ፊት ከ9 ነጥብ ወደ 51 ያድግ ነበር።

ከፍታውም ይታሰብበት። አሁን ያሉት ኮርኒሱ ላይ፣ 4 ሜትር ተኩል ላይ ተሰቅለዋል። ከዚያ ላይ የሚታየው ኮፍያና ነጠላ ነው። መላጣ ለመቁጠር ካልሆነ ለሌላ አይረዳም። በር ላይ ያለው ዝቅ ብሎ ፊት ለፊት ይግጠም። የምዕራቡን ፀሐይ የሚችል ዓይነትም ይሁን፤ ደብሊው ዲ አር ይባላል። ብሩሁንና ጨለማውን ለየብቻ አንስቶ ያዋህዳል። ካርቶን ላይ ስለተጻፈ ብቻ አትመኑት፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ በራችን ላይ አስቁማችሁ እዩት።

ወደ ገመዱ ልምጣ። ትልቁ ወጪ እዚያ ያለ ይመስለኛል። ፕሮፎርማው የድሮው ገመድ ሁሉ ይነቀል፣ አዲስ የኔትወርክ ገመድ ይዘርጋ ይላል። ምክንያቱ «ጊዜው ያለፈበት» የሚል ነው።

ባለፈው ወር ከሻምበልና ከኮምፒውተሩ ልጅ ጋር፣ መሰላልና መጥረጊያ ጨርቅ ይዘን ሕንፃውን ዞርን። ከ32ቱ 11ዱ ስክሪን ላይ ጥቁር ናቸው። አራቱን ከፈትናቸው። ሁለቱ ገመዳቸው ጫፍ ላይ ያለችው ቢኤንሲ የምትባለው መሰኪያ ዝጋ ነው፤ ልጁ ቆርጦ አዲስ አሠረላቸው፣ ምስል መጣ። አንዱ ኃይል ማስተላለፊያው ሞቷል። ካሜራው ራሱ የሞተው አንድ ብቻ ነው። ገመዱ የተበላሸበት አንድም አልነበረም። በዝናብ የሚመታው የቤዝመንቱ መግቢያ ገመድ ሊያስቸግር ይችላል፣ እሱን አልነካነውም። የቀረው ግን ኮርኒስ ውስጥ ተኝቶ የኖረ፣ ልቡ ንጹሕ መዳብ የሆነ፣ ኮአክስ የሚባለው የካሜራ ገመድ ነው። ለምን ይነቀላል?

በዚያው ኮአክስ ላይ ጥርት ያለ ምስል የሚያስተላልፉ ካሜራዎች ገበያ ላይ መውጣት ከጀመሩ 12 ዓመት አካባቢ ሆኗቸዋል። ቲቪአይ፣ ሲቪአይ፣ ኤኤችዲ በሚል ስም ነው የሚሸጡት። ካሜራውን በአንዱ ጫፍ፣ መቅረጫውን በሌላው ጫፍ መለወጥ ብቻ ነው፤ መሀል ያለው ገመድ አይነካም። ድብልቅ የሆኑ መቅረጫዎች ደግሞ የድሮውንም፣ የነዚህንም፣ የኔትወርክ ካሜራም በአንድ ሣጥን ይቀበላሉ። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቀን መለወጥ የለብንም። በሩን ዛሬ፣ ኮሪደሩን ለክረምት፣ ጣሪያውን ለሚቀጥለው ዓመት ማድረግ ይቻላል።

የኔትወርክ ካሜራ መጥፎ ነው አላልኩም። አዲስ ሕንፃ ብሠራ እሱን ነበር የማስገባው። በአንድ ገመድ ምስልም ኃይልም ይሄድለታል። ግን ገመዱ ከ100 ሜትር በላይ አይኬድበትም፣ ስለዚህ በየፎቁ ገመዶቹን የሚያገናኝ ስዊች የሚባል ሣጥን ይቀመጣል። ስዊቹ መብራት ይፈልጋል። መብራት ሲሄድ የፎቁ ካሜራ ሁሉ አብሮ ይጠፋል፣ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ከሌለው። ፕሮፎርማው ላይ ዩፒኤስ ፈለግኩ። የለም። በምትኩ ለዋስትና «ስታብላይዘር» ተጽፏል፤ ስታብላይዘር ደግሞ መብራቱ ካለ ነው የሚያረጋጋው።

የግድ አዲስ የኔትወርክ ገመድ ከተገዛም ከጥቅሉ ጫፍ ላይ አንድ ክር ውሰዱና በምላጭ ፋቁት። መዳብ ከሆነ እስከ ልቡ ቀይ ነው። ከቀይ ቀለሙ ሥር ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ገበያው በሱ ተሞልቷል፣ ካርቶኑም ያው ነው የሚመስለው። ኃይል ሲተላለፍበት ይሞቃል፣ መንገድ ላይም ቮልቱን ይበላዋል። ይቺን ምላጭ ለራሴ ሱቅ ካሜራ ስገዛ ነው የተማርኳት፤ ነጩን ካየሁ በኋላ ማለት ነው፣ ከገዛሁ በኋላ።

ስለ ቮልት ካነሣን፣ የቤዝመንቱ ካሜራ ነገር ለብዙዎቻችን እንቆቅልሽ ነበር። ቀን ደህና ይሠራል። ሊመሽ ሲል ይጠፋል፣ ይበራል፣ ይጠፋል። አንዳንዱ ጥበቃ ጅን አለበት እስከ ማለት ደርሷል። ልጁ ቮልት መለኪያ ይዞ ካሜራው ጫፍ ላይ ቀን ለካ፦ 11.4። ሲመሽ ተመልሶ ለካ፦ 10.5። ከሣጥኑ የሚነሣው 12 ነው። ካሜራው ሲጨልም በዓይን የማይታየውን መብራቱን ያበራል። ያኔ ብዙ ኃይል ይስባል። 40 ሜትር የተዘረጋችው ቀጭን የኃይል ሽቦ አትችለውም፤ ቮልቱ ይወርድና ካሜራው ይጠፋል። ሲጠፋ መብራቱም ስለሚጠፋ ቮልቱ ይመለሳል፣ ካሜራው ይነሣል፣ መብራቱን ያበራል፣ እንደገና ይጠፋል። ሌሊቱን ሙሉ። ጅኑ ሽቦው ነው። ወፈር ያለ ሽቦ ወይም ካሜራው አጠገብ የሚሰካ ኃይል ማስተላለፊያ ያባርረዋል። 8 ሜጋፒክስል አያባርረውም።

አሁን ደግሞ ለመጻፍ ወደሚያሳፍረኝ ጉዳይ። ባለፈው ዓመት ሊፍት ውስጥ የተጣሉ ባልና ሚስት ቪዲዮ በቴሌግራም ሲዞር ሁላችንም አይተናል። ከኛ ሊፍት ነው የወጣው። ማን አወጣው? አይታወቅም፤ የመቅረጫው ፓስወርድ ሣጥኑ ጎን በፕላስተር ተለጥፎ ነበር። ዛሬም እዚያው ነው። ሴትዮዋ ሱቋን ዘግታ ሄደች። ይህን ጉዳይ ስብሰባ ላይ ያነሣ ሰው የለም።

አዲሱ ንድፍ ላይ ደግሞ አንዱ ካሜራ የሚያየው የኔን መልበሻ ክፍል መጋረጃ ነው። ሌላው የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር ላይ ነው። ንድፉን የሠራው ሰው በክፋት አይመስለኝም፤ ወረቀት ላይ ሆኖ 64 ማሟላት ነበረበት። ግን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የሰው የግል ሕይወት እንዲከበር ደንግጓል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። የሰውን ምስል የሚሰበስብ ሁሉ ለምን እንደሚሰበስበው ማወቅ፣ ከሰበሰበም መጠበቅ አለበት። እኛ ለምን የመልበሻ መጋረጃ እንደምንቀርጽ ማን ያስረዳል? ደንበኛዬ ቀሚስ ልትለካ ገብታ ቀና ስትል ካሜራ ካየች ተመልሳ አትመጣም። ትክክልም ናት።

መግቢያው ላይ «ይህ ሕንፃ በካሜራ ይቀረጻል» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍ። ቅጂ የጠየቀ ሰው በመዝገብ ይፈርም፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን ጉዳይ። የናፍጣውን ያህል ይጠበቅ ነው የምለው። ድምፅ መቅረጫው ይዘጋ።

ፓስወርዱንም ሻጩ ሰጥቶ እንደሄደ እንዳትተዉት። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ሚራይ የተባለ ቫይረስ በየአገሩ ያሉ ካሜራዎችንና ዲቪአሮችን ከፋብሪካ በወጡበት ፓስወርድ እየገባ ሰብስቧቸው፣ በነሱ ጉልበት ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ድረ ገጾችን ለሰዓታት አሰናክሏል። የሰው ሱቅ የሚጠብቅ ሣጥን ሳያውቀው ወንበዴ ሆነ ማለት ነው። አስተዳደሩ ቤቱ ሆኖ በስልኩ ማየት ከፈለገ ይችላል፣ ግን የካሜራው ኔትወርክ ለካፌው እንግዶች ከሚሰጠው ዋይፋይ ይለይ። አሁን አንድ ናቸው።

ታዲያ ምን ይሁን? የኔ ሂሳብ እንዲህ ነው። 32ቱ ካሜራ ይበቃናል፣ ቦታቸው ከተስተካከለ። ፊት መለየት ያለበት ስምንት ቦታ ብቻ ነው፦ ዋናው በር ከግራም ከቀኝም፣ የኋላው ዕቃ መጫኛ በር፣ የቤዝመንቱ መግቢያና መውጫ፣ ሁለቱ ሊፍቶች፣ የደረጃው ሥር። እነዚህ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ይሰጣቸው። ሃያ አራቱ የኮሪደርና የጣሪያ ካሜራዎች ሰው ወዴት እንደሄደ ካሳዩን ይበቃል፤ 2 ሜጋቢት። በድምሩ በቀን 864 ጊጋባይት። አራት ባለ 8 ቴራባይት ዲስክ ከገዛን 30 ቀን ሙሉ ይይዛል። የጫማው ነጋዴ በ13ኛው ቀን ቢመጣ ሌባውን ያገኘዋል፣ በ25ኛውም ቢመጣ። ዲስኩ ለካሜራ ቀረጻ ተብሎ የተሠራው ዓይነት ይሁን። የቤት ኮምፒውተር ዲስክ ሌት ተቀን ሲጻፍበት ቶሎ ይደክማል።

ለመቅረጫው አንድ ዩፒኤስ። ጄኔሬተራችን በሦስት ደቂቃ ይነሣል፣ ስለዚህ ግማሽ ሰዓት የሚይዝ ከበቂ በላይ ነው። ለሰዓቷ አዲስ ባትሪ፤ ዋጋዋ የአንድ ሰው ምሳ አይሞላም። እባካችሁ እሷን ስብሰባውን ሳትጠብቁ ግዟት። ሰዓቱን ስታስተካክሉም ስክሪኑ የሚያሳየው በፈረንጅ መሆኑ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በትልቁ ይጻፍ፦ የኛ 9 ሰዓት የሱ 15 ነው። ማታ የሚገባው ጥበቃ 3 ሰዓት ሲባል 03:00 ላይ እየፈለገ ሲያድር አግኝቼዋለሁ።

የካሜራዎቹን መስታወት የሚያጸዳ ሰውም በስም ይመደብ። በወር አንድ ቀን፣ በለስላሳ ጨርቅ። ሌሊት የሚበራው መብራት ነፍሳትን ይጠራል፣ ሸረሪትም እነሱን ተከትሎ መስታወቱ ላይ ያደራል። የኋላ በሩ ካሜራ «ደበዘዘ፣ ይለወጥ» ተብሎ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። እኔ በጨርቄ ጠረግኩት፤ አሁን የጥበቃው ሹራብ ቀለም ይለያል።

ከመፈረማችሁ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁልኝ። አንድ ካሜራ ያምጣ፣ በነባሩ ኮአክስ ላይ ዋናው በር ላይ ይስቀለው፣ ለአንድ ሳምንት ይቆይ። እኔ ረቡዕ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ20 ላይ ፌስታል አንጠልጥዬ እወጣለሁ። ከዚያ ሁላችንም ደረጃው ሥር ገብተን እንይ። ፊቴ ከታየ መዋጮዬን በዚያው ቀን እከፍላለሁ። ሌላ ሻጭም እንዲሁ ይሞከር፤ ሦስት ፕሮፎርማ ሲባል ሦስት ወረቀት ብቻ እንዳይሆን።

ከሰላምታ ጋር፣
የአንደኛ ፎቅ የሀበሻ ልብስ ሱቅ ባለቤት

ግልባጭ፦
— ለጥበቃ ክፍል ኃላፊ፣ ከናፍጣ መዝገቡ ጋር
— ለኮምፒውተር ጥገናው ልጅ፣ የቢኤንሲዎቹን ሂሳብ እንዲያቀርብ
— ለጽዳት ክፍል፣ ደረጃው ሥር ያለው መወልወያ ሌላ ቦታ እንዲፈለግለት